«ቁርስ በቲፋኒ»፦ ስም የለሹ ድመትና አድራሻ የለሿ ወጣት

የአንድ ሥነ ጽሑፋዊ ሥራ ስም ከይዘቱ በላይ ሲገንን፣ አንባቢ ያላነበበውን መጽሐፍ ያነበበ ይመስለዋል። በአሜሪካዊው ደራሲ በትሩማን ካፖቲ የተጻፈው «ቁርስ በቲፋኒ» የተሰኘው መካከለኛ ልብ ወለድ የደረሰበት ዕጣ ይኸው ነው። ስሙ ሲነሣ በብዙ ሰው ዐይነ ኅሊና የሚመጣው መጽሐፉ አይደለም፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ በአንድ የጌጣጌጥ መደብር መስኮት ፊት ቆማ ቁርሷን የምትቀምስ ቆንጆ የፊልም ተዋናይት ናት። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ይህ ትዕይንት የለም። ሆሊ ጎላይትሊ በዚያ መደብር ደጃፍ ቁርስ ስትበላ የሚያሳይ አንድ ገጽ እንኳ አይገኝም። ቁርሱ ምኞት ነው፤ ሀብትና ዝና ቢመጣም ማንነቷን ሳይነጥቃት የሚነጋ አንድ የወደፊት ማለዳ ነው። ይህ ምኞት ከምን ዓይነት ኑሮ እንደ ተወለደ ሳይመረመር መጽሐፉን ማድነቅም ሆነ መንቀፍ አይቻልም።

ልብ ወለዱ የታተመው በ1958 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ሊወጣ የታቀደው «ሃርፐርስ ባዛር» በተባለው የፋሽን መጽሔት ላይ ነበር። የመጽሔቱ ባለቤቶች ግን የጽሑፉ ቋንቋና የዋናዋ ገጸ ባሕርይ አኗኗር ስላላማራቸው አንገራገሩ፤ ደራሲውም ሥራውን ወስዶ ለ«ኤስኳየር» መጽሔት ሰጠ። በዚያው ዓመት ከሦስት አጫጭር ልብ ወለዶች ጋር ተጠርዞ በመጽሐፍ መልክ ወጣ። ገጾቹን በውበት ዕቃ ማስታወቂያ የሚሞላ መጽሔት፣ ውበቷን መተዳደሪያ ያደረገች ሴት ታሪክ ሲመጣለት መሽኮርመሙ ራሱን የቻለ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ታሪኩ የሚፈጸመው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ባላበቃበት ዘመን፣ በ1943 እና በ1944፣ በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ አሮጌ የኪራይ ቤት ነው። ተራኪው ስሙ የማይጠቀስ ጀማሪ ደራሲ ነው። ሆሊ ግን ወታደር ወንድሟን ስለሚመስላት ፍሬድ እያለች ትጠራዋለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት የቀራት ይህች ወጣት ከበርቴዎች፣ የጦር መኮንኖች፣ የሆሊውድ ሰዎችና ዲፕሎማቶች በሚሰበሰቡበት ግብዣ ሁሉ አትጠፋም። በፖስታ ሣጥኗ ላይ የለጠፈችው ካርድ ከስሟ ቀጥሎ የያዘው አድራሻ ወይም ሥራ አይደለም፤ መንገደኛ መሆኗን ብቻ ይናገራል። በመኖሪያ ክፍሏ ውስጥ የረባ ዕቃ የለም። ሻንጣዎቿ ሳይፈቱ እንደ ተደረደሩ ናቸው። አንድ ድመት አላት፤ ስም አላወጣችለትም፤ የእርሷ ያልሆነን ፍጡር መሰየም መብቷ ሆኖ አይታያትም። እንደ ቲፋኒ መደብር መንፈሷ የሚረጋጋበት ቦታ በዚህ ዓለም ላይ ባገኘች ቀን የቤት ዕቃ እንደምትገዛ፣ ድመቱንም እንደምትሰይመው ትናገራለች።

አንባቢ ሊያተኩርበት የሚገባው ቦታ እዚህ ነው። ቲፋኒ በ1837 የተቋቋመ፣ አልማዝና ብር የሚሸጥ የታወቀ መደብር ነው። ሆሊ ወደዚያ የምትሄደው ግን ለመግዛት አይደለም። ከተራ ትካዜ ለይታ በቀይ ቀለም የምትሰይመው፣ ምንጩ የማይታወቅ ፍርሃት ሲይዛት በታክሲ ተሳፍራ ትሄዳለች። የመደብሩ ጸጥታ፣ ጥሩ ልብስ የለበሱት የሠራተኞቹ ደግነት፣ የብሩና የቆዳው ሽታ ያረጋጋታል። ሰው ከጭንቀቱ የሚሸሸገው በተለምዶ በእናቱ ቤት፣ በጎረቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን ነው። እነዚህ ሁሉ የሌሏት ወጣት መሸሸጊያዋን በሽያጭ ቤት ታገኛለች። ካፖቲ ይህን ነገር ሲያሳይ አይሰብክም፣ አያላግጥምም። የመጽሐፉ ትልቁ ጥበብ እዚህ ይገኛል፤ የአንድን ሕዝብ ከፍተኛ ብቸኝነት በአንድ መደብር ስም ጠቅልሎታል።

ገንዘብ በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ ሁልጊዜ በአኃዝ ይነገራል። ሆሊ አብሯት የሚያመሸው ሰው ወደ መኳኳያ ክፍል ስትሄድ ለክፍሏ ጠባቂ ጉርሻ እንዲሆናት 50 ዶላር እንዲሰጣት ትጠብቃለች፤ ጉርሻው ስም ነው፣ ገንዘቡ የእርሷ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ በሲንግ ሲንግ ወኅኒ ቤት የታሰረውን ሳሊ ቶማቶ የተባለ ሽማግሌ የወንበዴ አለቃ ጠይቃ ስትመለስ 100 ዶላር ይከፈላታል። ከእስረኛው የምትቀበለውን ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ተራ መልእክት ጠበቃ ነኝ ለሚለው ሰው ታደርሳለች። መልእክቱ የዕፅ ንግድ ምስጢር መሆኑ በኋላ ይታወቃል። እርሷ ይህን ሳታውቅ ኖሯል? ደራሲው አይነግረንም። የሚነግረን ሽማግሌውን ከልቧ እንደምትወደው ነው። በገንዘብ የተጀመረው ጥየቃ እውነተኛ ጥየቃ ይሆናል፤ በገንዘብ የተጀመሩት ሌሎቹ ግንኙነቶች ግን እንዳሉ ገንዘብ ሆነው ይቀራሉ።

ከዚህ በኋላ ዶክ ጎላይትሊ ይመጣል። ጨዋታና ቀልድ የበዛበት ትረካ ድንገት መልኩን የሚለውጠው በዚህ ሰው መምጣት ነው። ዶክ በቴክሳስ የገጠር የፈረስ ሐኪም፣ ዕድሜው የገፋ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ የልጆች አባት ነው። ኒው ዮርክ የመጣው ሚስቱን ፍለጋ ነው። ሚስቱ ደግሞ ሆሊ ናት። እውነተኛ ስሟ ሉላሜ ባርንስ ይባላል። እናትና አባቷን የሳንባ ነቀርሳ ገደለባት፤ እርሷና ወንድሟ ፍሬድ ክፉ ሰዎች ቤት ተጣሉ፤ ከዚያ ሸሽተው ሲንከራተቱ ከዶክ ቤት ወተትና የቱርክ ዶሮ እንቁላል ሲሰርቁ ተያዙ። ዶክ አበላቸው፣ አሳደራቸው፤ በ1938 ሉላሜን አገባት። ዕድሜዋ አሥራ አራት እንኳ አልሞላም ነበር።

ካፖቲ ዶክን በርኅራኄ ይቀርጸዋል። ክፉ ሰው አያደርገውም፤ በእርግጥም የተራቡ ሙት ልጆችን የመገበ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ርኅራኄው ደራሲውን አንድ ከባድ ጥያቄ አሳልፎታል። ለአቅመ ሔዋን ያልደረሰች ልጅ ከረኀብና ከባል አንዱን ስትመርጥ፣ መምረጥ ይባላል ወይ? ሆሊ ራሷ ጋብቻው ሕጋዊ ሊሆን እንደማይችል በቀላሉ ታልፈዋለች። ተራኪውም አብሯት ያልፋል። የ1930ዎቹ የአሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ገጠሩን እንዴት እንዳራቆተ የሚያውቅ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ሊያልፍ አይችልም። በኒው ዮርክ ግብዣዎች የምትንሳፈፈው ወጣት የመጀመሪያ ውሏን የተዋዋለችው በዚያ የገጠር ቤት ነው፤ መጠለያና ምግብ ከወዲያ፣ ራሷ ከወዲህ። 50 ዶላሩ ከዚያ በኋላ የመጣ ዝርዝር ነው።

ስሟን ልብ ይሏል። ሆሊደይ ማለት በዓል ማለት ነው፤ ጎላይትሊ ደግሞ በአማርኛ «ቀለል ብለህ ሂድ» እንደማለት ይሆናል። ስም የአባትን ምኞትና የቤትን ታሪክ ተሸክሞ በሚወጣበት ቋንቋ ያደገ አንባቢ የዚህን ትርጉም ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሚያስደንቀው ግን ሁለተኛው ስም ነው። ሉላሜን ጣለች፣ ባርንስን ጣለች፤ ጎላይትሊን ግን ይዛ ሄደች። ጎላይትሊ የዶክ ስም ነው። ቀላልነቷን የሚያውጀው ስም የሸሸችው ባል ስም መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። ደራሲው በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ገጸ ባሕርይዋን ኮኒ ጉስታፍሰን ብሎ ሰይሟት እንደ ነበር ይታወቃል። በዚያ ስም ይህ ሁሉ ትርጉም አይገኝም ነበር።

የደራሲው የራሱ ሕይወትም ከዚህ አይርቅም። ካፖቲ በ1924 በኒው ኦርሊንስ ሲወለድ የአባቱ ስም ፐርሰንስ ነበር፤ ካፖቲ የእንጀራ አባቱ ስም ነው። ወላጆቹ ሲለያዩ በአላባማ በምትገኘው ሞንሮቪል ከእናቱ ዘመዶች ዘንድ አደገ። እናቱ ሊሊ ሜ ትባል ነበር፤ ገጠሩን ትታ ኒው ዮርክ ስትገባ ኒና ተባለች፤ በ1954 የገዛ ሕይወቷን አጠፋች። ሊሊ ሜና ሉላሜ የሚሉት ስሞች መቀራረብ ብዙ ያናግራል። ሆኖም ልብ ወለድን ወደ ደራሲው ቤተሰብ ታሪክ ማውረድ ሥራውን ማሳነስ ይሆናል። የሚጠቅመው ይህን ማወቅ ብቻ ነው፦ ካፖቲ ስሟን ቀይራ የጠፋችን ሴት ሲጽፍ በሩቅ ሆኖ እያያት አልነበረም። ብዙዎች ሆሊን ከክሪስቶፈር ኢሸርውድ ሳሊ ቦውልስ ጋር ያነጻጽሯታል፤ ሁለቱም በጦርነት ጥላ ሥር በከተማ የሚንከራተቱ ወጣቶች ናቸውና ንጽጽሩ መሠረት አለው። ሳሊ ግን ከኋላዋ ወተት የተሰረቀበት ቤት የላትም።

የሆሊን ልብ የሚያሳየው ግን የኦቾሎኒ ቅቤ ነው። ዕቃ በጠፋበት የጦርነት ዘመን ከሱቅ ሱቅ ተንከራታ ጥቂት ብልቃጦች ትሰበስባለች፤ ለራሷ አይደለም፣ ፍሬድ ስለሚወደው ነው። ከምትወደው ወንድሟ ጋር አንድ ቀን በሜክሲኮ በባሕር ዳር ፈረስ እያረቡ መኖር ትፈልጋለች። የመርዶው ቴሌግራም ሲደርሳት ክፍሏን ትሰባብራለች፤ የሽቶ ጠርሙሶች፣ መብራት፣ መጽሐፍ፣ የሙዚቃ ሸክላ፣ ምንም አልተረፈም። ይህ ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተጻፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደራሲው አንዲት የሐዘን ቃል በአፏ አያስገባም። ለብዙ ጊዜ ዕቃ የማይገዛበት ቤት ሆኖ የታየው ክፍል ለካ የሚሰበር ነገር ነበረው።

ከዚያ በኋላ ታሪኩ ይፈጥናል። ሆሴ የተባለው ብራዚላዊ ዲፕሎማት ያገባኛል ብላ ተስፋ ታደርጋለች፤ ታረግዛለች፤ በወኅኒ ቤቱ መልእክት ምክንያት ትያዛለች፤ ፅንሱ ይወርዳል። ሆሴ በዘመዱ እጅ የስንብት ደብዳቤ ይልካል። ሆሊ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና ከንፈሯን ሳትቀባ ደብዳቤውን ለማንበብ እምቢ ትላለች። ይህ የቅንጦት ምልክት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ወታደር ጥይት ወደሚዘንብበት ቦታ ሲገባ የራስ ቁሩን እንደሚያጠልቅ ያለ ነው። የመንግሥት ዐቃብያነ ሕግ በሳሊ ቶማቶ ላይ ብትመሰክር ሊለቋት ይፈልጋሉ። አትመሰክርም። ሁሉንም ነገር በዋጋ የምትተምነው ሴት ወዳጅን የመሸጥ ዋጋ ሲቀርብላት አሻፈረኝ ትላለች። ደራሲው ለዚህ እምቢታ ጭብጨባ አያዘጋጅም፤ ሆሊ በዋስትና ወጥታ፣ አገር ለቃ ትጠፋለች።

ከመጥፋቷ በፊት ድመቱን ዝናብ በሚጥልበት ቀን፣ ስፓኒሽ ሐርለም በተባለው የድሆች ሰፈር፣ ከመኪና አውርዳ ትጥለዋለች። አንድ መንገድ ሳትሄድ ትጸጸታለች፤ ሮጣ ትመለሳለች፤ ድመቱ የለም። የእርሷ እንደ ነበረና እርሷም የእርሱ እንደ ነበረች የሚገባት ያን ጊዜ ነው። ከዚህም በላይ የሚያስፈራት ነገር ይገለጥላታል፦ ነገ የሚመጣውንም እንዲሁ ከጣለችው በኋላ ታውቀው ይሆናል።

የመጽሐፉ ድክመት ችላ ሊባል አይገባውም። ተራኪው ልል ነው፤ ይወዳታል፣ ይታዘዛታል፣ አንዳንዴም ይቀየማታል፤ አንድም ጊዜ ግን የሚከፍሏትን ወንዶች አይመረምርም። እነርሱ በመጽሐፉ ውስጥ መሳቂያ ሆነው ያልፋሉ፤ ማን እንደ ሆኑ፣ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ አይጠየቅም። በተጨማሪም ሆሊ ስለ ጥቁሮች የምትናገራቸው የንቀት ቃላት እንደ ጨዋታ ተጥለው ይቀራሉ። የዘመኑ አነጋገር ነው ማለት ማብራሪያ እንጂ ማስተባበያ አይደለም።

አፍሪካዊ አንባቢን በተለይ የሚያስቆመው ግን የመጽሐፉ መክፈቻ ነው። ከዓመታት በኋላ የመጠጥ ቤት ባለቤቱ ጆ ቤል ለተራኪው አንድ ፎቶግራፍ ያሳየዋል። ዩኒዮሺ የተባለው የቀድሞ ጎረቤታቸው፣ ፎቶግራፍ አንሺው፣ በአፍሪካ ሲዘዋወር የሆሊን መልክ የያዘ ከእንጨት የተቀረጸ የሴት ራስ አግኝቷል። መንደሩ ቶኮኩል ይባላል፤ አገሩ ደግሞ ምሥራቅ አንግሊያ ተብሏል። ምሥራቅ አንግሊያ የእንግሊዝ አገር የምሥራቅ ክፍል ስም ነው! ደራሲው ሆነ ብሎ ያደረገው ቀልድ ነው የሚል ይኖራል፤ ሊሆን ይችላል። ቀልዱ የሚሠራው ግን አፍሪካ ማንኛውንም ስም ሊሸከም የሚችል ጉም ተደርጎ ስለ ተወሰደ ነው። ፎቶግራፉ ተነሣ የተባለው በ1956 የገና ዕለት ነው። ያ ዓመት ሱዳን፣ ሞሮኮና ቱኒዚያ ነጻ የወጡበት ዓመት ነበር፤ ጋናም ነጻነቷን ልታውጅ ሦስት ወር እንኳ አልቀራትም። በኒው ዮርክ መንገዶችንና መደብሮችን በቁጥርና በስም የሚያውቅ ብዕር አንድ አህጉር ላይ ሲደርስ ደብዝዟል።

ቢሆንም እዚያው ቦታ ላይ ደራሲው ምናልባት ሳያስበው አንድ ድንቅ ሰው ጥሎ አልፏል። ቅርጹን የሠራው ሰው ስም የለውም። ፎቶግራፍ አንሺው ቅርጹን ሊገዛው ጨውና ገንዘብ ያቀርብለታል፤ ጨምሮ የእጅ ሰዓቱንም ያቀርባል። ቀራጩ አይሸጥም። እንግዳይቱ በፈረስ መጥታ፣ ከእርሱ ጋር ጥቂት ሰንብታ፣ በፈረስ ሄዳለች ይባላል፤ የቀረው ይህ እንጨት ነው። ሁሉም ነገር ዋጋ ባለው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሆሊ የፍርድ ቤት እምቢታ ሌላ፣ ግልጽ እምቢታ የተናገረው ይህ ስም የለሽ አፍሪካዊ ሠዓሊ ነው። ተቺዎች ስለ ድመቱ የጻፉትን ያህል ስለ እርሱ አልጻፉም።

ፊልሙ በብሌክ ኤድዋርድስ አዘጋጅነት በ1961 ወጣ። ሆሊን ሆና የተጫወተችው ኦድሪ ሄፕበርን ናት፤ ካፖቲ የተመኘው ግን ማሪሊን ሞንሮን ነበር። የሄንሪ ማንቺኒ ሙዚቃ ሁለት የኦስካር ሽልማት አስገኝቶለታል፤ ይገባዋልም። የሄፕበርን አጨዋወትም የራሱ ውበት አለው። ይሁንና ፊልሙ ከመጽሐፉ ላይ የወሰደው ልብስን እንጂ ሰውን አይደለም። ጦርነቱን አስቀርቶ ታሪኩን ወደ ራሱ ዘመን አመጣው፤ እርግዝናውን አስወገደ፤ ተራኪውን ስም ሰጥቶ ፍቅረኛ አደረገው። ዩኒዮሺን ደግሞ ነጩ ተዋናይ ሚኪ ሩኒ ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርጎ፣ በጃፓናውያን ላይ የሚያላግጥ አስቀያሚ መሳቂያ አደረገው። በመጽሐፉ የሆሊን ዱካ የሚያገኘው ይኸው ሰው መሆኑ ሲታሰብ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። ከሁሉም የባሰው ፍጻሜው ነው፦ ድመቱ በዝናብ ውስጥ ይገኛል፣ ሁለቱ ይሳሳማሉ፣ ሁሉም የሁሉም ይሆናል። መጽሐፉ የተጻፈበትን ጥያቄ ፊልሙ በአንድ መሳም ዘጋው።

የኋላው ታሪክ በራሱ ልብ ወለድ ይመስላል። ሄፕበርን በፊልሙ የለበሰችው ዓይነት ጥቁር ቀሚስ በ2006 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ460,000 የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ ተሸጠ። የቲፋኒ መደብር ራሱ በ2017 በአምስተኛው ጎዳና ባለው ሕንጻው ውስጥ ካፌ ከፍቶ ቁርስ መሸጥ ጀመረ። ካፖቲ በ1984 ስለ ሞተ ይህን አላየም። ምግብ ተርባ እንቁላል የሰረቀች ልጅ ምኞት በዋጋ ዝርዝር ላይ ሰፍሮ ማየት ምን ያሰኘው ነበር፣ መገመት ያዳግታል።

መጽሐፉ እንደ ፊልሙ አይዘጋም። ከሆሊ አንድ ፖስታ ካርድ ከቦነስ አይረስ ይመጣል፤ አድራሻ ስትይዝ እንደምታሳውቅ ትጽፋለች፤ አታሳውቅም። ተራኪው በገባላት ቃል መሠረት ከሥራ በኋላ በስፓኒሽ ሐርለም መንገዶች ድመቱን ሲፈልግ ሳምንታት ያልፋሉ። በብርዱ ወራት በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያገኘዋል፤ በአንድ ሞቃት ክፍል መስኮት፣ ንጹሕ መጋረጃና የተክል ማሰሮዎች መካከል ተቀምጧል። አሁን ስም እንዳለው ተራኪው እርግጠኛ ነው። ነገር ግን በሩን አያንኳኳም፤ ስሙንም ማንንም አይጠይቅም።